የተወረሰው ቤት ጣሪያ

ባለፈው ሳምንት ለወንድሜ ልጅ መጋረጃ ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር፤ ልታገባ ነው። ሲኒማ ራስ ጋ ከታክሲ ስወርድ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች በርሜል ጥደው ሬንጅ ያቀልጣሉ። ሽታው ሲደርሰኝ ባለሁበት ቆምኩ። ከኋላዬ አንድ ተሸካሚ «ማዘር፣ መንገድ! መንገድ!» እያለ ቢጮህብኝም እግሬ እምቢ አለኝ። በሸክሙ ጠርዝ ገፋ አድርጎኝ ሲያልፍ «ምን ነክቷቸው ነው እኚህ ሴትዮ?» ሲል ሰማሁት።

መጋረጃውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ልጆቼ እራት ላይ ስለ ሀብታምና ስለ ድሃ ክርክር ሲገጥሙ፣ ወንዱ «ሀብታም ሁሉ ሌባ ነው»፣ ሴቷ «ድሃ የሆነ ሰው ስላልሠራ ነው» ሲባባሉ፣ እኔ ብድግ ብዬ ሳህን ማንሳት እጀምራለሁ። «እማዬ አሳብ የላትም» ይላሉ። አሳብ አጥቼ አይደለም። ያለኝ አሳብ ሁሉ የመጣው ከአንድ ክረምት ነው፤ ያንን ክረምት ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሥር ዓመቴ ነበር። ግቢያችን ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ስለሚውል የሠፈሩ ሰው እየጮኸ ማውራት ለምዶ ነበር፤ እሑድ ጠዋት መዶሻው ጸጥ ሲል እንኳ እንደዚያው ይጮሃል። አባቴ የአሰብ መኪና ሹፌር ስለነበር በዚያ ክረምት ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። እናቴ አስካለ የተቀደደ ጆንያ ከእህል ነጋዴዎች እየተቀበለች፣ ሰፍታ ትመልስ ነበር። ወንድሜ ገና ጡት አልጣለም። ሁላችንም የጆንያ አቧራ ያስለን ነበር።

የግቢው አሥር ክፍል የእትዬ ብርዛፍ ነበር። እሳቸውና ሟች ባላቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ የቃጫ ገመድ እየሸጡ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመሩ የሠሩት ነው። ጭቃውን በእግራቸው ያቦኩት ራሳቸው ናቸው። ይህንን የሚነግሩን ታዲያ ለመኮራት ሳይሆን ግድግዳው ላይ ኳስ ስንመታ ነበር። «እዚያ ላይ አትምቱብኝ! እናንተ የመረጋችሁት መሰላችሁ እንዴ!»

ከዚያ ክረምት ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ አዋጅ ወጣና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ከአሥሩ ክፍል ስምንቱ ተወረሰ። ለእትዬ ብርዛፍ ሁለት ቀረላቸው፤ በፊተኛው ገመድ ይሸጣሉ፣ በኋለኛው ይተኛሉ። በጊዜው ትንሽ ስለነበርኩ የማስታውሰው የእናቴን እልልታ ብቻ ነው። ኪራያችን በግማሽ ወርዶ፣ ለእሳቸው መክፈላችን ቀርቶ ለቀበሌ ሆነ። እትዬ ብርዛፍ እልልታውን በራቸው ላይ ቆመው ሰምተዋል። በማግስቱ ጠዋት ግን ውሃ ለመቅዳት ሲወጡ እንደ ወትሯቸው «አስካለ፣ እንዴት አደርሽ? ልጅቷስ?» አሉ። እናቴ ያን ቀን ስታፍር እንደዋለች ደጋግማ ነግራኛለች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ላቀው ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ጫማ ሰፊ ነበር፤ አውራ ጣቱ ላይ የወስፌ ጠባሳ ነበረበት። ስለ ቀበሌ ሊቀመንበሮች ብዙ ክፉ ሲወራ እሰማለሁ፤ እውነት ነው፣ ክፉዎች ነበሩ። ጓድ ላቀው ግን አይሰርቅም፣ አይጠጣም፣ ከዓመት እስከ ዓመት አንድ ካኪ ሱሪ ነበር የሚለብሰው፤ ጉልበቱ ላይ ራሱ የሰፋው እራፊ ነበረበት። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔም ነገሩ ቀላል በሆነልኝ።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የሠፈሩን ልጆች አዳራሽ ውስጥ ይሰበስበናል። አዳራሹ የአንድ ነጋዴ መጋዘን የነበረ ነው፤ ግድግዳው ገና ኑግ ኑግ ይሸታል። የመጀመሪያው ቀን እጄን አውጥቼ «ጓድ ላቀው፣ እርስዎ...» ስል አቋረጠኝ።

«እርስዎ የለም። አንተ በይኝ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል።

«አንተ...» አልኩ፤ ጆሮዬ ጋለ።

«አዎ! እኔና አንቺ እኩል ነን። አየሽ፣ ሰማዩ አልወደቀም።»

ቤት ገብቼ ይህንን ስነግራት እናቴ መርፌዋን አስቀምጣ አማተበች። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ክንድ ያህል ያደግኩ መሰለኝ። ከዚያ በፊት ከእኔ ጋር እኩል ነኝ ያለኝ ትልቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ትልቅ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። አሥራ ሁለት ነበርን። አብዛኛውን ቆርሶ ፊት ለተቀመጠው ልጅ አስታቀፈውና የቀረችውን ለአሥራ አንዳችን በጣቱ ፈረፈረልን። ጉምጉምታ ተነሳ።

«ይሄ ልጅ ከእናንተ ይበልጥ ርቦታል?»

«አልራበውም!»

«ከእናንተ ይበልጥ ሠርቷል?»

«አልሠራም!»

«ታዲያ እንዴት ደረሰው?»

ልጁ ዳቦውን ታቅፎ ማልቀስ ጀመረ። ጓድ ላቀው ቢላዋውን ከፍ አድርጎ አሳየን። «እኔ ስለቆረስኩት ነው። ቢላዋው በማን እጅ እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቁ።» ከዚያ ዳቦውን መልሶ ወስዶ አሥራ ሁለት ቦታ ቆረጠው። ለራሱ አላስቀረም። የዚያን ቀን ዳቦ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም፤ እስከ ዛሬም ስለ ፍትሕ ሲወራ መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ዳቦ ነው።

ከስብሰባው ስንመለስ ሠፈራችን ውስጥ ዳቦውን የታቀፈው ማን እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። ከእትዬ ብርዛፍ ሌላ ማንም አልታየኝም። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሳለው በዝባዥ ቦርጫም ነው፤ ጣቶቹ ላይ ቀለበት ደርድሯል። እትዬ ብርዛፍ ደግሞ እንደሚሸጡት ገመድ ቀጭን ናቸው፣ የፊት ጥርሳቸው አንዱ ወልቋል፣ መዳፋቸው በቃጫ ተሰነጣጥቋል። ይህ ትንሽ ቢያስጨንቀኝም መላ አላጣሁለትም። ቦርጫቸውን በመቀነት ጠፍረው ደብቀውታል ብዬ ደመደምኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል መቀነታቸውን ሲፈቱ ለማየት በራቸው አጠገብ ብይ ተጫወትኩ።

ሐምሌ ሲገባ ጣሪያችን ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ በአንድ በኩል ነበር፤ ባልዲ አደረግንበት። ከዚያ በሦስት በኩል ሆነ፤ አንዱ በቀጥታ ወንድሜ ከሚተኛበት በላይ ነው። አልጋውን ብንገፋው ብንስበው ደረቅ ቦታ ጠፋ። የልጁ ደረት ሲር ሲር ማለት ጀመረ። እናቴ ማመልከቻ አጻፈችና እኔን አስከትላ ቀበሌ ሄደች። የቀበሌው ቢሮ ራሱ ያፈስ ነበር። ጓድ ላቀው ጠረጴዛው ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ፣ ወረቀቶቹን ከጠብታው እያሸሸ ማመልከቻዋን ተቀበላት።

«በተራ ነው የሚታየው» አለ። «ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው አለ። ጣሪያ ጭራሽ የሌለው አለ።»

«ልጁ ታሞብኝ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ይገባኛል። ግን አንቺን ላስቀድም? ፍትሕ ነው?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እኔ በእሱ ኮራሁ።

በማግስቱ እናቴ ጆንያውን ወዲያ አድርጋ እትዬ ብርዛፍ ሱቅ ሄደች። ከኋላዋ ነበርኩ።

«እትዬ፣ እያፈርኩ ነው የምጠይቅዎት። የልጁ ነገር አላምር አለኝ። ያንን የድሮውን ቆርቆሮ ሠሪ ቢጠሩልኝ...»

«አስካለ፣ ቤቱ እኮ አሁን የኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እትዬ ብርዛፍ ወደ በሩ ወጥተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ጣሪያችንን ለረጅም ጊዜ አዩ። «ቤት የማን እንደሆነ አያውቅም» አሉ። «ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል፣ በቃ። ልጁን ወደኔ አምጪው፤ እስኪጠገን እዚህ ይተኛ።»

ከሰዓት ጋሼ ከድር ከምን አለሽ ተራ መጡ። የዘይት ጣሳ ቀዳደው በመዶሻ ያስተካከሉት ቆርቆሮ በብብታቸው፣ ሬንጅ በጣሳ ይዘዋል። ግቢው ውስጥ ሬንጁን እሳት ላይ ጥደው ሲያቀልጡ ልጆች ሁሉ ከበብናቸው። ለሥራቸው እትዬ ብርዛፍ አንድ ጥቅል ገመድ ሰጧቸው፤ እናቴ ልክፈል ብትል እሳቸው እቴ! ጋሼ ከድር ጣሪያው ላይ ሲወጡ እትዬ ብርዛፍ ከታች ሆነው በእንጨት እየጠቆሙ ያዟቸው ጀመር።

«እዚያ ጋ! የለም፣ ከፍ በል! ከምስማሩ በስተግራ! እሱን ድሮም አላመንኩትም።»

«እትዬ፣ እርስዎ ይውጡና እኔ ልጠቁም?» አሏቸው ጋሼ ከድር። ግቢው ሳቀ። እናቴ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የእያንዳንዱን ምስማር ቦታ እንዴት እንደሚያውቁ ሳይ፣ የሕዝብ ጣሪያ ላይ እንዴት እንደሚያዙ ስሰማ፣ ስንት ሳምንት ስፈልገው የነበረውን ያገኘሁ መሰለኝ። ያን ቀን ጣሪያው ማፍሰሱን አቆመ። የወንድሜም ደረት በሳምንቱ ተሻለው። ይህንን ሁሉ አይቻለሁ። እያየሁ ነው ያደረግኩት።

ቅዳሜ ጓድ ላቀው እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «በየግቢያችሁ የአሮጌው ሥርዓት ጠባይ የታየበት ሰው አለ? አስባችሁ ተናገሩ። ጥሩ የታዘበ ዛሬ ዳቦውን ይቆርሳል።»

አንዱ አባቱ እናቱን እንደሚመታ ተናገረ። ሌላው ጎረቤታቸው ለድሃ ሰላምታ እንደማይሰጥ ተናገረ። እጄን አወጣሁ።

«እትዬ ብርዛፍ የተወረሰውን ቤት ጣሪያ አስጠግነዋል» አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀ፤ ግን ፊቱ ላይ የጠበቅኩትን አላየሁም። እንደ ተራ ነገር ነው የሰማው። ዳቦ መቁረሱ እንዳያልፈኝ ፈራሁ። ስለዚህ ጨመርኩበት።

«ቤቱ የኔ ነው ብለዋል። ዛሬም ነገም የኔ ነው ብለዋል።»

አሁን ቀና አለ። «አንቺ ነሽ የሰማሽው?»

«እኔም፣ እናቴም ሰምታለች» አልኩ። እናቴን የጨመርኳት ለምን እንደሆነ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። የልጅ ቃል ብቻውን አይበቃም ብዬ መሰለኝ።

ጓድ ላቀው ከኪሱ ባወጣው ደብተር ላይ ጻፈ። ከዚያ ቢላዋውን ሰጠኝ። ዳቦውን በጣም በጥንቃቄ ቆረስኩ፤ ለማንም አላበለጥኩም፣ ለማንም አላሳነስኩም። ሁሉም ልጅ አጨበጨበልኝ።

የነዋሪዎች ስብሰባ የተጠራው በተከታዩ እሑድ ጠዋት ነው። እኛ ልጆች ቀይ ስካርፋችንን አስረን ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስለ ስኳርና ስለ ጥበቃ ተራ ብዙ ከተወራ በኋላ ጓድ ላቀው ደብተሩን ገለጠ።

«ብርዛፍ፣ ተነሺ።»

እኔን አንተ በይኝ ሲለኝ ያደግኩ መስሎኝ ነበር። እትዬ ብርዛፍን አንቺ ሲላቸው ግን ያለ ጥርሳቸው፣ ያለ ባላቸው፣ ብቻቸውን የቆሙ አሮጊት ሆነው ታዩኝ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ።

«ቤቱ የኔ ነው ብለሻል?»

«አላልኩም።»

«ጣሪያውን አስጠግነሻል?»

«አስጠግኛለሁ። ልጅ ታሞ ነበር።»

«በማን ፈቃድ?»

እትዬ ብርዛፍ ጥያቄው የገባቸው አልመሰለኝም። «በማን ፈቃድ?» ብለው ደገሙት። «ዝናብ እኮ ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ። ጓድ ላቀው እናቴን ጠራ። እናቴ በደንብ መናገር እንድትችል ጉሮሮዋን እየጠረገች ተነሳች፤ ልትሟገትላቸው ተዘጋጅታ ነበር።

«አስጠግናለች ወይስ አላስጠገነችም?»

«አስጠግነዋል፣ ግን እኔው ነኝ የለመንኳቸው...»

«አዎ ወይስ አይደለም ነው። ስለዚህ አስጠግናለች። ቤቱ የኔ ነው ስትልም አንቺ መስማትሽ እዚህ ተመዝግቧል።»

«እኔ?» አለች እናቴ። «እኔ ሰማሁ? ማን ነው ያለው?»

«ምንጩ አይገለጽም። ተቀመጪ።»

ጓድ ላቀው ወደ እኔ አላየም። ሊጠብቀኝ ፈልጎ ነው። እናቴ ቆማ እንደቀረች አዳራሹን ዞር ዞር ብላ አየች፤ የእያንዳንዱን ጎረቤት ፊት፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ አንድ በአንድ አየች። የልጆቹ አግዳሚ ላይ ግን ዓይኗ አላረፈም። ከልጆች መካከል ትፈልጋለች ብሎ ማን ያስባል? እትዬ ብርዛፍ ደግሞ እሷን ብቻ ነበር የሚያዩት።

በዚያው ስብሰባ የእትዬ ብርዛፍ ፊተኛ ክፍል ትርፍ ነው ተብሎ ተወሰነ። እጅ ሲወጣ እናቴ እጇን አላወጣችም። ገመዳቸውን ከሱቁ አውጥተው አልጋቸው ሥር ሲከምሩ ግቢው ሁሉ ረዳቸው፤ እናቴም አንድ ጥቅል አንስታ ነበር፣ ከእጇ ተቀበሏትና ራሳቸው ተሸከሙት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን ሰላምታ ነሷት። እናቴ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ቆማ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ» ትላለች። መልስ የለም። ለሌላው ሁሉ ይመልሳሉ። አንድ ቀን እናቴ ትዕግሥቷ አልቆ፣ ግቢው መሐል ጮኸች፦

«እትዬ፣ አላልኩም! ሰብሊ ትሙት አላልኩም! ይቺው ልጄ ትሙት!»

ሰብሊ እኔ ነኝ። ባልዲ ይዤ ቧንቧው ጋ ቆሜ ነበር። እናቴ በእኔ የምትምለው በጣም ስትጨነቅ ብቻ ነው። ያኔ የመሐላ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በደንብ አላውቅም ነበር፤ እውነተኛ መሐላ እንደማይገድል ማንም አላስረዳኝም። ውሸቱን የተናገረው ሰው እኔ ስለሆንኩ መሐላው እኔን እየፈለገ የሚመጣ መሰለኝ። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ «ምን ሆንሽብኝ?» እያለች ግንባሬን ስትዳስስ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ዱላውን ፈርቼ አልነበረም፤ እናቴ በቁጣ የምትመታ ሰው አይደለችም። የሚያስፈራኝ ፊቷ ነበር።

ከእሷ ይልቅ ለጓድ ላቀው መንገር ቀለለኝ። ቀበሌ ሄጄ፣ ያቺን «ቤቱ የኔ ነው» ያልኳትን ከራሴ እንደጨመርኳት ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ተሳስተሻል» አለኝ። «ግን ክፍሉ ለማን እንደተሰጠ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ስድስት ልጆች ያሏት ሴት ነበረች የገባችበት፤ እስከዚያ ድረስ አጥር ሥር ላስቲክ ወጥረው ነበር የሚኖሩት። ትንሿ ልጇ ከእኔ ጋር ገመድ ዝላይ ጀምራ ነበር።

«እነሱን ላስወጣቸው?»

የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሬ ፋቅኩ።

«እንግዲህ እርሺው። አንቺ ልጅ ነሽ። እኔ ነኝ የምጠየቅበት» አለና ራሴን ዳበሰኝ። እጁ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ሰውየው ይህን ሲል ዓይኑ እንደቀላ አስታውሳለሁ። ግን ሌላ ስብሰባ አልጠራም፤ እናቴንም ጠርቶ አልነገራት።

ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ስድስቱ ልጆች ደረቅ ቦታ ተኙ፤ ይህ ደግ ነገር ነው፣ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። የእናቴን ስም ግን ማንም አልመለሰላትም፤ መመለስ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ሆስፒታል አጠገቧ በተቀመጥኩባቸው ቀኖች እንኳ እትዬ ብርዛፍን አንስታ «ማን ይሆን በኔ ስም የተናገረው?» ብላኝ ታውቃለች። «ተይው እማዬ፣ ያለፈ ነገር» አልኳት።

እትዬ ብርዛፍ የሄዱት በመስከረም ነው። የወንድማቸው ልጅ ሊወስዳቸው ሲመጣ ለመስቀል አገራቸው የሚገቡ መስሎን ነበር፤ በየዓመቱ ይሄዳሉ። አልጋቸው ተነቅሎ ሲወጣ ግን ገባን። ሱቅ ከሌላቸው መርካቶ ምን ይሠራሉ? በየበሩ እየዞሩ ሰውን ሁሉ ተሰናበቱ። ፊተኛ ክፍላቸው ውስጥ የገባችውን ሴትዮ ሳይቀር ስመው «ክፍሉ የበረከት ይሁንልሽ» አሏት።

እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅታ ነበር። ለመንገዳቸው ዳቦ ጋግራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ፣ በሁለት እጇ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እትዬ ብርዛፍ እኛ በር ጋ ሲደርሱ አንገታቸውን ወደ ወዲያ አዞሩና አለፉ። እናቴ «እትዬ...» አለች። ቋጠሮውን እንደያዘች ቀረች።

የግቢውን በር ሊወጡ ሲሉ ቆሙ። ዘወር አሉ።

«ሰብሊ፣ ነይ እስቲ።»

ሄድኩ። ጎንበስ ብለው በተሰነጣጠቀ መዳፋቸው ፊቴን ይዘው፣ ሁለቱን ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። ከዚያ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ እናቴም እየሰማች እንዲህ አሉኝ፦

«እናትሽ ያደረገችውን አንቺ ላይ አልይዘውም። አንቺ ምን አጠፋሽ? አንቺ ንጹሕ ነሽ። ስታድጊ እንደሷ እንዳትሆኚ፣ እሺ የኔ ልጅ?»

እናቴን አየኋት። ቋጠሮውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ታየኛለች።

«እሺ፣ እትዬ» አልኳቸው።